«ሊከር»፣ «ሊኮር» ወይስ «ጣፋጭ አረቄ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሆቴል ባንኮኒ ላይ ነው የምሠራው። ሜኑውን በአማርኛ እንደ አዲስ እየጻፍን ነው። ውስኪ፣ ጂንና ቮድካ ላይ ማንም አልተጣላም። ቤይሊስ፣ አማሩላ፣ ካሉዋና ኳንትሮ የተባሉት ጣፋጭ የአልኮል መጠጦች የሚገቡበት ክፍል ግን ስም አጣ። እኔ «ሊከር» ብዬ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ሊኮር» በይው ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ጣፋጭ አረቄ ብላችሁ ጻፉና ገላግሉኝ» አለ። ትክክሉ የቱ ነው? «አረቄ»ስ በየትኛው «አ» ይጻፋል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሌላ ሌላውን ጥያቄ መልሼ እተኛለሁ፤ ይሄኛው ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ካንቺ ልጀምር። «ሊከር» አይሆንም። እንግሊዞች ጆሮ ላይ የሚቀራረቡ ሁለት ቃላት አሏቸው። አንዱ ውስኪውንም፣ ጂኑንም፣ ቮድካውንም፣ ጠንካራ የተባለውን ሁሉ ይጠራል፤ እኛ «ሊከር» የምንለው እሱን ነው። ሌላው ጣፋጩን ብቻ ይጠራል፤ እሱን ከፈረንሳይ ዘግየት ብለው ነው የወሰዱት። የሁለቱም ግንድ ላቲን ነው፣ ትርጉሙም «ፈሳሽ»፣ በቃ ፈሳሽ። እና ከውስኪው ዝርዝር ሥር «ሊከር» የሚል ርእስ ብታስገቢ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ እንግዳ «ታዲያ ከላይ ያለው ምን ነበር?» ይልሻል። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካን ስም በሁለቱም ቋንቋ አስተያዪው። አማርኛው «አረቄ» ባለበት ቦታ እንግሊዝኛው ያንን የመጀመሪያውን ቃል ነው የተጠቀመው።

«ሊኮር» ግን ፈረንሳዩም፣ ጣሊያኑም፣ ስፔኑም ከሚሉት ብዙ አይርቅም። የጣሊያኑ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ቢራውን፣ ባንኮኒውን፣ ፈርኔቱን፣ ማኪያቶውን ከማን ተቀበልን? ባልደረባሽ ጆሮ አላት።

«የአንድ ፊደል ነገር ነው፣ ምን ያካብዳል» እንዳትይኝ። ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄጂ ውጫሌ መንገድሽ ላይ ናት። እዚያ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነና መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። ይሄ ከመጠጥ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘዋል። ባንኮኒሽ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወርቃማ የጋሊያኖ ጠርሙስ ካለ ስሙን እይው። ጁሴፔ ጋሊያኖ መቀሌ ላይ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ይዞ የነበረው የጣሊያን መኮንን ነው፤ የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ምንጩን ይዘው በውሃ ጥም ያስጨነቁት። ምሽጉን ለቅቆ ወጣ፣ ወዲያው ዓድዋ ላይ ሞተ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1896 ሊቮርኖ ከተማ አርቱሮ ቫካሪ የሚባል ሰው ቫኒላና አኒስ ያለበት ሊኮር ሠራና በሱ ስም ጠራው። ግሥ ሲበላሽ ጠርሙስ ድረስ ይመጣል ማለቴ ነው። ከርእሳችን ትንሽ ወጣሁ መሰለኝ።

ወደ ሥራ አስኪያጅሽ። «የራሳችን አረቄ እያለ ባዕድ ቃል ለምን እንዋሳለን» የሚል ወገን አለ፤ እሱም ከዚያ ሰፈር ሳይሆን አይቀርም። እኔም ልጠይቅ፦ አረቄ መቼ የራሳችን ሆነ? ዐረቅ ዐረብኛ ነው፣ ላብ ማለት ነው። እንስራው ሲፈላ እንፋሎቱ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ ሲል አይተሽ የለ? ላብ ብለው የጠሩት ያንን ጠብታ ነው። ቱርኩ «ራኪ» የሚለው፣ ሊባኖሱ «ዐረቅ» የሚለው ያው ነው። «አልኮል» እንኳ ዐረብኛ ነው፣ የሚገርምሽ ደግሞ ዓይንሽን ከምትኳይው ኩል ጋር ወንድማማች ነው። መጀመሪያ ኩሉን፣ የላመውን ዱቄት ይጠራ ነበር። ቀጥሎ ከማንኛውም ነገር ተጣርቶ የወጣውን ረቂቅ ነገር ጠራ። በመጨረሻ አውሮፓ ሄዶ የወይን ጠጅ ነፍስ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ባዕድን በባዕድ ለመተካት የአገር ፍቅር ባይጠራ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽም በዚሁ ተመለሰ። በሥሩ ከሄድሽ ዓይኑ «ዐ» ነው፣ «ዐረቄ»። እኔ ለራሴ ስጽፍ እንደዚያ ነው። ሰዉ ግን በአልፋው «አ» ይጽፋል፣ የፋብሪካው ስም በአልፋው ነው፣ እኔም አንቺን ላለማደናገር እዚህ በአልፋው ጻፍኩ። እየመረረኝ።

አሁን ዋናው ክርክሬ። አማርኛ መጠጥን የሚለየው በጥንካሬው ሳይሆን በግሡ ነው። ጠላ ይጠመቃል። ጠጅ ይጣላል። አረቄ ይወጣል። «ጠጅ አወጣሁ» ብትይ እናትሽ ይስቁብሻል። እና ሊኮር ምን ይሆናል? አስቀድሞ በወጣ መጠጥ ውስጥ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ሥር ይዘፈዘፋል፣ ስኳር ይገባበታል። ጃፓኖች ኡሜሹ የሚሉትን እቤታቸው ሲሠሩ ኡሜ የተባለውን ፍሬ ሳይበስል ከስኳር ጋር መጠጥ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ከዚያ ወራት መጠበቅ ነው። የኳንትሮ ጣዕም የብርቱካን ልጣጭ ነው። ሻርትረዝን የሚሠሩት ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ መነኮሳት ናቸው፤ 130 ዓይነት ዕፅ ይገባበታል ይላሉ፣ ቀመሩንም ለሰው አይነግሩም። የኛ ደብተራ ቢሰማ በቅናት ይታመማል። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ በጥቅሉ በሊትር ቢያንስ 100 ግራም ስኳር፣ አልኮሉም ቢያንስ 15 ከመቶ ካልሆነ በዚህ ስም አትጥሩት ብሏል። ግሡ ሌላ፣ ነገሩ ሌላ። ታዲያ አረቄ ለምን ይባላል?

ደግሞ የወሎ ጆሮ «አረቄ» ሲባል የሚሰማው ጌሾና ጭስ የሚሸት፣ ጉሮሮ የሚልጥ ነገር ነው። «ጣፋጭ አረቄ» ማለት ለኔ «እርጥብ እሳት» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዱ «የማር አረቄስ?» ብሎ ያፋጥጠኛል። አውቃለሁ። የማር አረቄ አለ፣ የኮሶ አረቄም አለ። ስኮትላንዶች ድራምቡዪ የሚሉት ውስኪና ማር ከቅመም ጋር ነው፣ አያቴ ቢቀምሱት «የማር አረቄ ነው» ብለው ይገላገሉ ነበር። ይሄ ማስረጃ ክርክሬን እንደሚጎዳው አይጠፋኝም። ጆሮዬ ግን አልቀበልም ብሏል፣ ምን ላድርገው?

ከዚህ የባሰ የጎዳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ከጎረቤቴ ከሐጂ ጋር ቁጭ ብለናል። እሳቸው ሻይ፣ እኔ ማኪያቶ አዘናል። አስተናጋጁ ልጅ ማኪያቶ የመሰለ ነገር በትንሽ ብርጭቆ ይዞ መጣ፣ «የቤቱ ግብዣ ነው» አለ። ሐጂ «ምንድን ነው ልጄ?» አሉት። «ሊኮር ነው አባባ፣ ጣፋጭ ነው» አላቸው። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ሽታው አነቃቸው እንጂ አልቆላቸው ነበር። ቤይሊስ ነበር፤ ከአየርላንድ ውስኪና ከክሬም የሚሠራ፣ 17 ከመቶ አልኮል ያለበት። ልጁ «አረቄ ነው» ቢላቸው ኖሮ እጃቸውም አይዘረጋ። ያን ዕለት የኔ ቆንጆ ቃል ነገሩን ሸፈነው፣ የሥራ አስኪያጅሽ አስቀያሚ ቃል ይገልጠው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥበት አገር ይሄ ቀላል አይደለም።

ለጾመኛውም እንዲሁ። ቤይሊስና አማሩላ እውነተኛ ክሬም አላቸው፣ የፍስክ ናቸው። «ክሬም ደ ማንት» የሚባለው ግን ወተት የሚባል አልነካውም፣ ናና ነው። እዚያ ላይ «ክሬም» የሚለው መወፈሩንና ጣፋጭነቱን ለማለት ነው። ይሄንን በአማርኛ «የናና ክሬም» ብለሽ ብትተረጉሚ ረቡዕ ቀን የመጣ ሰው ያለ ምክንያት ይተወዋል።

አማሬቶን በተመለከተም «ከግዕዝ መሪር የመጣ ነው» የሚል ሰምቻለሁ። አይደለም። ጣሊያንኛ ነው፣ «መራር ያለ» እንደማለት፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ስሙ መራራ፣ መጠጡ ጣፋጭ፣ እንግዲህ እሱን ለጣሊያኖች ተዪው።

ስለዚህ እንዲህ ጻፊ። ርእሱ «ሊኮር»፣ ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል «ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ»። ቤይሊስና አማሩላ ጎን «ክሬም አለው» በይ። እኔ ብሆን «ሊኰር» ብዬ በ«ኰ» ነበር የምጽፈው፣ ለጣሊያኑ አነጋገር እሱ ይቀርባላ። ይህቺ ፊደል ስልክ ላይ ተፈልጋ እስክትገኝ ድረስ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ኮ» ይነካል፣ እንዲሁ እንዲሁ እያለች ልትጠፋብን ነው። ግን አንቺ ሜኑ ነው የምትጽፊው፣ መቃብሯን አይደለም የምትጠብቂው። በ«ኮ» ይሁን።

ወጣቶቹ መጥተው «ሊከር አለ?» ቢሉሽም አትከራከሪ። ግሮሰሪ በሌላው ዓለም ሽንኩርትና ሳሙና የሚሸጥበት ነው፣ እኛ ጋ ቢራ ቤት ሆኖ ቀረ፣ ማን መለሰው? ቃል አንዴ እግር ካወጣ አይያዝም። ምናልባት በአሥር ዓመት «ሊከር» ያሸንፍና እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። እስከዚያ ግን በሜኑሽ ላይ አላይም።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ካሉዋ የሜክሲኮ ነው፣ ከቡና ነው የሚሠራው። ጎኑ «ኮፊ ሊኮር» ብለሽ ብትጽፊ እንጣላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተሽ አድገሽ፣ ቡናን በሰው ስም? «የቡና ሊኮር» በይው።