የፋይበር ዱቄት ጀመርኩ፣ ሆዴ ግን ተነፋ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ይይዘኛል። አንዲት ጓደኛዬ «በሽታ የመከላከል አቅም ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ፋይበር ውሰጂ» ስትለኝ የፋይበር ዱቄት ገዝቼ ጀመርኩ። ቶሎ ለውጥ እንዳገኝ ብዬ በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምወስደው። አሁን ግን ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ጋዙም ሰው መሀል እያሳፈረኝ ነው። ከድሮም አትክልትና ጥራጥሬ ብዙ አልወድም። ምግቤ ባብዛኛው ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ሥጋ ነው። ፋይበር እውነት የመከላከል አቅምን ይጨምራል? ዱቄቱን ልቀጥል ወይስ ልተወው? ወይስ ፕሮባዮቲክስ የሚባለው እንክብል ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ዱቄቱን ለጥቂት ቀናት ያቁሙት፤ ሆድዎ ይረፍ። ይህን የምለው ፋይበር ጎጂ ሆኖ አይደለም። ለዓመታት ነጭ ዳቦና ሥጋ የለመደ አንጀት ድንገት በቀን ሦስት ጊዜ ፋይበር ሲወርድበት ቢነፋ አይገርምም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መፍጠን ነው። እንዴት እንደገና እንደሚጀምሩ ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንሂድ። ፋይበር በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን በልኩ እንዲሠራ ይረዳዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉንፋን ያስቀርልኛል ብለው ከጀመሩት ግን ያዝኑበታል። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት አንጀትዎ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፋይበር ከእፅዋት ብቻ የሚገኝ፣ የእኛ አንጀት ሊፈጨው የማይችል የምግብ ክፍል ነው። ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት ውስጥ የለም። ሌላው ምግብ ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ሲገባ ፋይበር እንዳለ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ደግሞ የሚጠብቁት አሉ። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የወጣ አንድ የታወቀ ስሌት በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ይገምታል። የራሳችን ሕዋሳት ወደ 30 ትሪሊዮን ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ ያሉት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች እኛ የሌሉን ኢንዛይሞች አሏቸው። ፋይበሩን ያብላሉትና አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢውቲሬት የሚባሉ አሲዶችን ያመርታሉ። ጋዙም የሚመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ሁሉንም ስም መያዝ አይጠበቅብዎትም፤ ቢውቲሬትን ግን ያስታውሱልኝ። የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከእሱ ነው። ግድግዳው ሲጠነክር ውስጥ ያለው ነገር ወደ ደም እንደልቡ አይሾልክም።

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የመከላከያ ሕዋሳት ተሰብስበው ይኖራሉ። እዚያ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት በጣም ብዙ ስለሆኑ ጓደኛዎ የነገሩዎት መሠረት አለው። ነገር ግን እነዚህ ሕዋሳት ጀርምን መምታት ብቻ አይደለም ሥራቸው። ዝም ማለትንም ማወቅ አለባቸው። በየቀኑ የምንበላው ምግብና አብረውን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ ለሰውነታችን ባዕድ ናቸው። የመከላከያ ሥርዓቱ በእነሱ ሁሉ ላይ ቢነሳ አንጀታችን ሁልጊዜ ይቆጣ ነበር። አለርጂ፣ አስም፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች የሚከሰቱት የመከላከያ ሥርዓቱ ያለ ቦታው ሲነሳ ነው። ስለዚህ «መከላከያዬን ልጨምር» የሚል ሰው ምን እንደሚጨምር በደንብ ያስብበት እላለሁ።

ቢውቲሬት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2013 በአይጦች ላይ የተሠሩና በታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች የወጡ ጥናቶች፣ ባክቴሪያዎች ከፋይበር የሚያመርቷቸው እነዚህ አሲዶች ቁጣን የሚያበርዱ የመከላከያ ሕዋሳት እንዲበዙ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ሌሎቹን ሕዋሳት «በቃ፣ ይህ ጠላት አይደለም» የሚሏቸው እነሱ ናቸው።

ፋይበር ሲጠፋ የሚሆነውም ያሳስበኛል። የአንጀት ግድግዳ ላይ ንፍጥ የመሰለ ሽፋን አለ፤ ባክቴሪያዎቹን ከሕዋሳቱ ያራርቃቸዋል። በ2016 ተመራማሪዎች የሰው የአንጀት ባክቴሪያ የተሰጣቸውን አይጦች ፋይበር ከለከሏቸው። ማገዶ ያጣ ሰው የራሱን አጥር እየነቀለ እንደሚያነድ፣ ባክቴሪያዎቹ ሽፋኑን ራሱን መብላት ጀመሩ። ሽፋኑ ሳሳ። ከዚያ በኋላ የአንጀት በሽታ አምጪ ጀርም ሲሰጣቸው በቀላሉ ተጠቁ። የሰው አንጀት ከአይጥ ይለያል፤ ቢሆንም ፋይበር በየቀኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልኝ ሙከራ አላውቅም።

በሰው ላይስ? በ2015 የታተመ፣ ለታካሚዎቼ ደጋግሜ የማነሳው አንድ ጥናት አለ። 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ ፋይበር የበዛበትን፣ ስብ ያነሰበትን የገጠር ምግብ በሉ። የገጠሮቹ ደግሞ ሥጋና ስብ የበዛበትን፣ ፋይበር ያነሰበትን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሜሪካውያኑ አንጀት ብግነት (ቁጣ) ቀነሰ፣ ቢውቲሬት የማምረት አቅሙም ጨመረ። የሌሎቹ ተቃራኒ ሆነ። እርስዎን ተስፋ የሚሰጥዎት ይህ ነው፤ አንጀት ለለውጥ ዓመታት አይጠብቅም።

ሌላው ጥናት ግን ትዕግሥት ያስተምራል። በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጤነኛ አዋቂዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንት ፋይበር አበዛ። ሌላው እንደ እርጎ ያሉ የተብላሉ ምግቦችን አበዛ። የተብላላ ምግብ የበሉት ላይ የባክቴሪያው ዓይነት በረከተ፤ ብግነትን የሚያመለክቱ 19 ፕሮቲኖችም ቀነሱ። ፋይበር ያበዙት ላይ ግን ውጤቱ ከሰው ሰው ተለያየ። ሲጀምሩም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የነበራቸው ሰዎች ብግነታቸው ቀነሰ። ባክቴሪያቸው ጥቂት ዓይነት የነበረው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ለዓመታት ፋይበር ያላገኘ አንጀት ፋይበሩን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ተመናምነውበት ሊሆን ይችላል። እርስዎም ምናልባት እዚህ ውስጥ ነዎት። መፍትሔው መተው ሳይሆን ቀስ ብሎ መጀመርና እርጎም አብሮ መብላት ነው ብዬ አምናለሁ።

በረጅም ጊዜ ያለው ጥቅም ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንታኔ 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 የሙከራ ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። ብዙ ፋይበር የሚበሉ ሰዎች በጣም ትንሽ ከሚበሉት ጋር ሲተያዩ የመሞት፣ በልብ ሕመም፣ በስኳርና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም በሚበሉት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ እንዲያገኙ መክሯል።

25 ግራም ብዙ ይመስላል እንጂ አይደለም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻ 15 ግራም ገደማ አለው። አንድ መካከለኛ ፖም ከነልጣጩ 4 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ አጃ ሌላ 4 ግራም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ ገብስ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ለውዝ ሁሉም ያዋጣሉ። ጭማቂ ግን አይቁጠሩ፤ ሲጣራ አብዛኛው ፋይበር ይቀራል። ድንችና ሩዝ ተቀቅለው ሲቀዘቅዙ ከስታርቻቸው የተወሰነው ወደማይፈጭ ዓይነት ይለወጣል፤ ያንንም ባክቴሪያዎቹ ይወዱታል። አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው አይብሉ። የተለያየ ፋይበር የተለያየ ባክቴሪያ ይመግባል። ዱቄት የምግብን ቦታ የማይተካው አንዱም በዚህ ነው።

አትክልት አልወድም ብለዋል። እንግዲያው ከሚወዱት ይጀምሩ። ነጩን ዳቦ በወንፊት ካልተነፋ ዱቄት በተጋገረ ዳቦ ይለውጡት። ፓስታዎ ላይ በሾርባ ማንኪያ ሁለት የበሰለ ምስር ይጨምሩበት። በዚያ አንድ ሳምንት ይቆዩ። ሆድዎ ሲለምደው ሌላ ነገር ይጨምሩ። ጥራጥሬውን አዳር ዘፍዝፈው ውኃውን ቢደፉትና በደንብ ቢያበስሉት ጋዙ ይቀንሳል። ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ ፋይበር ያለ ውኃ የሆድ ድርቀት ያባብሳል። ትንሽ ትንሽ ጋዝ ግን ይኖራል፤ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸውና አይስጉ።

ዱቄቱን የግድ መጠቀም ከፈለጉ ማሸጊያው ላይ ምን እንደሆነ ያንብቡ። ኢኑሊን የሚባለው በፍጥነት ስለሚብላላ ብዙ ጋዝ ያመጣል። ሲሊየም የሚባለው ብዙም ስለማይብላላ ሆድ ያን ያህል አይነፋም፤ ለድርቀትም ይረዳል። ባክቴሪያውን የመመገብ አቅሙ ግን ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። የትኛውንም ቢሆን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ በቀን አንዴ፣ በትንሹ ይጀምሩ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ያራርቁ፤ በተለይ የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ከፋይበር ዱቄት ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግቡን ብዙ ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

ፕሮባዮቲክስን በተመለከተ፣ ለእርስዎ አሁን አላዝዝም። በእንክብል የሚገቡት ባክቴሪያዎች ባብዛኛው አንጀት ውስጥ ቤት አይሠሩም፤ መውሰድ ሲያቆሙ ይጠፋሉ። አንድ የሚያስገርም ጥናት ልንገርዎት። በ2021 ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ይዟቸው የመከላከያ ሥርዓትን የሚያነቃቃ ሕክምና የወሰዱ 128 ሕሙማን ታይተው ነበር። በቀን በየ5 ግራም የፋይበር ጭማሪ በሽታው የመባባስ ወይም ሕመምተኛው የመሞት አደጋ በ30 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከሁሉም የተሻለ ውጤት የታየው በቂ ፋይበር የሚበሉና የፕሮባዮቲክ እንክብል የማይወስዱት ላይ ነው። ይህ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሰው ገንዘቡን በምግብ ላይ ቢያውል ይሻላል የሚለውን ሐሳቤን ግን አጠናክሮልኛል። የመከላከል አቅሙ በሕመም ወይም በመድኃኒት የተዳከመ ሰው ደግሞ እነዚህን እንክብሎች ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም።

ስለ ጉንፋኑስ? አዋቂ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢይዘው የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉ ከዚያም ይበልጣል። የእርስዎ ከዚህ በላይ ከሆነ ምክንያቱን ከአንጀት ውጭም እንፈልግ። አፍንጫ የሚያሳክክና የሚያስነጥስ፣ ትኩሳት የሌለው ከሆነ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ፣ ስኳር፣ የደም ማነስም መታየት አለባቸው። እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? በ2015 በፈቃደኞች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫቸው ውስጥ ከተጨመረባቸው ሰዎች መካከል ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በ4 እጥፍ ገደማ ታመሙ። ደም ምርመራ ካደረጉ ቆይተው ከሆነ አሁን ያድርጉ።

ዱቄቱን ካቆሙ በኋላ የሆድ መነፋቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልለቀቀዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ሳያስቡት ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ሕመም ካለ፣ ማስመለስ ከመጣ ሁለት ሳምንቱንም አይጠብቁ። ከዚህ በፊት የአንጀት ቀዶ ጥገና አድርገው ከሆነ ወይም አንጀትዎ ጠቧል ተብለው ከሆነም እላይ የጻፍኩትን ከመጀመርዎ በፊት ለሚከታተልዎ ሐኪም ይንገሩ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አንጀት የሚፈቀደው ፋይበር የተለየ ነው።