ጥፊውን ብቻ አትቁጠሩ

ልጆቼ፣ በባልና ሚስት መካከል ያለ ድብደባን ልታጠኑ መጠይቅ ይዛችሁ ልትወጡ ነው አሉ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነውና ሳትነሱ ጥቂት ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

መጀመሪያ የምታገኙት የአሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት የመሬይ ስትራውስ መለኪያ ይሆናል። በ1979 ያወጣው ነው። ባለፈው ዓመት ገፍትረሃል? በጥፊ መትተሻል? እያለ ድርጊት ይቆጥራል። በዚህ ሲለካ ወንዱና ሴቷ ተቀራራቢ ሆነው ይወጣሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን አርቸር በ2000 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያሰላ እንዲያውም ሴቶቹ በጥቂቱ በልጠው ተገኙ። ከተጎዱት ግን 62 በመቶዎቹ ሴቶች ነበሩ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጥርስ ያረገፈ ባል አለ። አንገቷን ሲይዛት እጁን ለማስለቀቅ የመታችው ሚስትም አለች። መጠይቁ ላይ ሁለቱም ያው «መትቷል»፣ «መትታለች» ናቸው። የጉዳት ጥያቄ የተጨመረው በ1996 ነው። ማን እንደጀመረና ማን ማንን እንደሚፈራ ግን እናንተው ጠይቁ። በር ሲንኳኳ ልቧ የሚመታውን ሴት ያለዚያ አታገኟትም።

ድርጊት መቁጠርን ናቁት ማለቴ አይደለም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለዋል። ወንዶቹ 28 በመቶ። እንዲህ የምታምን ሴት «ጥቃት ደርሶብሻል?» ስትሏት «ኧረ ደህና ነኝ» ትላችኋለች። «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል?» ስትሏት ነው የምትነግራችሁ።

በዚያው ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ወንዶቹ ይህን አልተጠየቁም። ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ብቻ ተነስታችሁ ሴትና ወንድን አታነጻጽሩ። ሰው እንዳይስቅበት ዝም የሚል ባልም አለ፤ እሱንም በአክብሮት ጠይቁት።

ደግሞ ብቻዋን ሳትሆን አትጠይቋት። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ልትነግረኝ ስትጀምር አማቷ ገቡ። ወረቀቴን ገልብጬ ስለ ልጆቿ ክትባት መጠየቅ ጀመርኩ። እሷም ገባት፣ ስለ ክትባቱ መለሰችልኝ። አማቷ ቡና አፈሉልን። ሦስተኛውን ጠጥቼ ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝና የቀረውን እዚያ ቆማ ነገረችኝ።