ሪሴፕሽን ከመግባትሽ በፊት ሰንቃበር እደሪ

ጎንደር ላይ ቱሪዝም ልትጨርሺ አንድ ሴሚስተር እንደቀረሽ ጽፈሽልኛል። ሰሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ መሆን ትፈልጊያለሽ፣ እናትሽ ደግሞ "ሆቴል ሪሴፕሽን ግቢና እረፊ" ይሉሻል።

እህቴ፣ በቀጥታ ልጠይቅሽ፦ ተራራው ላይ አድረሽ ታውቂያለሽ? ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ አሳምረሽ ጽፈሻል፣ ስለ ብርዱ ግን አንድም ቃል የለም። ድንኳን ተክለው ከሚያድሩባቸው ቦታዎች ሰንቃበር ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው፣ ግጭና ጨነቅ ወደ 3,600 ይጠጋሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ከጎንደር የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ እዚሁ አድገሽ ሳታዪው መመረቅ የለብሽም።

ጭላዳ ሣር በል መሆኑን እንግዳው አንብቦ ይመጣል። ያንቺ ሥራ ሌላ ነው። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ግጭ ላይ ራሴን ክፉኛ አመመኝ፣ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ያወቀብኝ በቅሎ ነጂው ነበር፣ ሻይዬን ሳልጠጣ ማስቀመጤን አይቶ "ይሄ ሰው ነገ ወደ ላይ አይወጣም፣ ይውረድ" አለ። ትክክል ነበር። አየሩ ስስ ሲሆን ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ እንግዳው ለቧሂትና ለራስ ደጀን ጫፎች ስንት ሺህ ማይል አቋርጦ ቢመጣም። ያን ቀን "አይሆንም" ማለት የምትችይ ሁኚ። የቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከተገኘ አያምልጥሽ።

ሌላም ጥያቄ ይመጣብሻል። "ግጭ መንደር ሰዎቹ የት ሄዱ?" ይሉሻል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ ነዋሪዎች ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፣ ግጦሹ የዋልያውን መኖሪያ እየጨረሰው ስለነበር። የሁለቱንም ወገን ያለ አድልዎ መንገር አለብሽ፤ አብሮሽ የሚሄደው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ወይም በቅሎ ነጂ የዚያው አገር ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ይሰማሻል።

ደባርቅ ያሉት አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ነው የሚሠሩት። ዲግሪ ይዘሽ ሄደሽ ተራ እንዲሰጡሽ አትጠብቂ። መጀመሪያ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ረዳት ሆነሽ ውጪ፣ ድንኳን ትከዪ፣ ሰዎቹ ይወቁሽ። ሴት መሆንሽ ያስቸግርሽ ይሆናል፣ ግን ሴት እንግዶች ሴት አስጎብኚ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

እናትሽ ስለ ገንዘቡ የሚሉት እውነት ነው። ክረምት ሥራ የለም፣ ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ደግሞ እንግዳው በጣም ሳስቷል። ስለዚህ ሪሴፕሽኑን አትናቂው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያቆይሻል፣ በጎን ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ተማሪበት።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደባርቅ ካሉ ሰዎች አጣሪና ጥቅምት ላይ ሁለት ሌሊት እደሪ። ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ ስለ ሲቪሽ ያኔ እናወራለን።