አንገቱን ያጣመመው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወንድሜ ማንም በሌለበት ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቶች ሊገድሉኝ ነው ይላል። ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ጭንቅላቱ ምንም የለውም» ተባለና ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ዘመድ «መድኃኒቱ መንፈሱን አስቆጣው» ብሎ ኪኒኑን አስጣለው። አሁን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልንወስደው ነው። ጭንቅላቱ ደኅና ከሆነ ሕመሙ ከየት መጣ? (ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ ከአንገቱ እንጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም። ይህ የታወቀ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ ይታያል። ሃሎፔሪዶል የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በመዝጋት ነው። ዶፓሚን ግን መንገዱ ብዙ ነው። በአንዱ መንገድ ላይ ሲበዛ ተራው ነገር ሁሉ ትርጉም ያዘለ ይመስላል፤ የጎረቤት ሳል ምልክት፣ የመንገደኛ እይታ ዛቻ ይሆናል። ሌላው መንገድ የጡንቻን እንቅስቃሴ ይቆጣጠራል። ኪኒኑ ደግሞ መንገድ አይመርጥም። ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲዘጉ ሕመሙ መርገብ ይጀምራል፤ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ እንቅስቃሴ ይታወካል። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ 5 ሚሊግራም ለአንዳንድ ጀማሪ ይበዛል።

ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት፤ መቋረጡንም ለሐኪሙ ንገሩ። የተጣመመውን የሚያረግበው ትራይሄክሲፈኒዲል በኪኒን፣ ሲጠና ደግሞ ሌላ ማርገቢያ በመርፌ ይሰጠዋል። ከዚያ ወይ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይ እንደ ሪስፔሪዶን ባለ መድኃኒት ይለወጣል። ጉሮሮው ከተያዘና መዋጥ ካቃተው፣ ወይም ሰውነቱ ደርቆ ትኩሳት ከያዘው ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

ሲቲ ስካን ደም መፍሰስን፣ ዕጢን፣ የተቋጠረ ውሃን ያሳያል፤ ዶፓሚንን አያሳይም። «ምንም የለውም» ሲባል እነዚህ የሉበትም ማለት ነው እንጂ አልታመመም ማለት አይደለም። አነጋገሩ ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል፤ ሐኪሞችም ቢያርሙት ጥሩ ነበር።

ሕመሙ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ከሆነ ዘር ድርሻ አለው፤ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከ10 አንድ ገደማ ነው። ጫት የሚቅም ከሆነ ያቁም፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ ኪኒኑ የዘጋውን ይታገላል።

ጸበሉንና መድኃኒቱን ማጋጨት አያስፈልግም። ሃሎፔሪዶል ሐኪሙ ከፈቀደ በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰድ ይችላል፤ ጾም ከተፈታ በኋላ ማለት ነው። በሰንሰለት አትሰሩት። መረበሹ በቀናት ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ኪኒኑ ከዳነ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። እዚያ ሁለት ሳምንት ከቆያችሁ የ14 ሌሊት ኪኒን ቆጥራችሁ ያዙ፤ ለሱ ሳይሆን ለአስታማሚው ስጡት።