ከፔንታጎን ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው ጠመንጃ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ጦር ትርፍ መሣሪያውን ለአካባቢ ፖሊስ ከሰጠ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው?

መልስ፦ የመከላከያ ሚኒስቴሩ። 1033 የሚባለው ይህ ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከ1997 የበጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ አንቀጽ ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጠመንጃና ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚሰጡት በውሰት ነው። ወንበርና ብርድ ልብስ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ የፖሊሱ ንብረት ይሆናሉ። ፖሊስ ማጓጓዣውን ይከፍላል እንጂ ዋጋ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ ቁጥጥሩስ?

መልስ፦ በመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ሥር ያለ ቢሮ ከባትል ክሪክ፣ ሚሺጋን ሆኖ ይከታተላል። በየግዛቱም አገረ ገዥው የሾመው አስተባባሪ አለ። በየዓመቱ ቆጠራ ይካሄዳል፤ የጠመንጃው መለያ ቁጥር ሳይቀር ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። መሣሪያ የጠፋበት ጣቢያ ከፕሮግራሙ ሊታገድ ይችላል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ምን ጎደለ?

መልስ፦ ተቀባዩን ማጣራት። በ2017 ይፋ የሆነውን የኮንግረስ ኦዲተሮች ሥራ ተመልከቱ። ጨርሶ የሌለ የፌዴራል ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ፈጠሩ፤ የውሸት ድረ ገጽም ከፈቱለት፤ ከዚያ አመለከቱ። ጸደቀላቸው! ግንኙነቱ በአብዛኛው በኢሜይል ነበር፤ ቢሮአችሁን እንይ ብሎ የሄደ ሰው አልነበረም። ከ100 በላይ ዕቃ ተረከቡ፤ በሌሊት የሚያሳይ መነጽርና ለሥልጠና የሚያገለግል የኤም 16 አምሳያ ጠመንጃ ይገኙበታል። ግምቱ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በእኔ አስተያየት ቆጠራው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ መጀመሪያ የሚረከበው ሰው ማንነት ካልተጣራ ትርጉሙ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቶቹ ይህን አላስተካከሉም?

መልስ፦ በ2014 በሚዙሪዋ ፈርጉሰን ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ከገደለ በኋላ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኦባማ በ2015 በሚሰጠው መሣሪያ ዓይነት ላይ ገደብ ጣሉ፤ ትራምፕ በ2017 አነሡት። የማይነቃነቀው የኮንግረስ ክልከላ ነው፦ በ2021 የበጀት ዓመት ሕግ ሳንጃ፣ የታጠቀ ድሮንና ፈንጂ የእጅ ቦምብ ለፖሊስ እንዳይሰጡ ታግዷል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአካባቢዬ ፖሊስ የወሰደውን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎን። ኤጀንሲው በየግዛቱ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ በድረ ገጹ ያወጣል፤ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ዋጋና የተላከበት ቀን ሰፍሯል። ዋጋው ጦሩ መጀመሪያ የገዛበት መሆኑን ልብ ይበሉ። ወንበር ከዝርዝሩ ቢወጣ አያስጨንቅም፤ ዓመቱ ሞልቶ ይሆናል። ጠመንጃ ከወጣ ግን ለጦሩ ተመልሶ እንደሆነ ፖሊሱን በጽሑፍ ይጠይቁ።