በረዶው ሄዷል፣ አፈሩስ? ለሚኒሶታ የጓሮ ገበሬዎች የጸደይ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የቀረቡት በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ ትንሽ መሬት ይዘው ጎመን፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዶሮ ከሚያለሙ ወገኖች ነው። መልሱም ለዚሁ አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ በሴልሺየስ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ በእኛ አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 ይገባል። በረዶው ከቀለጠ ሳምንት ሆነው፣ ፀሐዩም ጥሩ ነው። መቆፈር ብጀምር ምን አለበት?

መልስ፦ መጋቢት 26 ማለት ኤፕሪል 4 ነው። በዚያ ሰሞን እዚህ ላይኛው አፈር ቢፈታም ከሥሩ ያለው ገና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሊሆን ይችላል። የቀለጠው ውሃ ወደ ታች መስረግ ሲያቅተው ላይ ይቋጥራል፤ ጭቃው የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ሰዓት ቢቆፍሩት ወይም በእግር ቢመላለሱበት በአፈሩ ውስጥ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሲደርቅ ጓሉ እንደ ጡብ ይሆናል፣ ሥርም አያስገባም፤ ጉዳቱ በአንድ ክረምት አይጠገንም። ስለዚህ እባክዎ ይታገሱ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እፍኝ አፈር ያውጡ፣ ጨብጠው ኳስ ያድርጉት፣ በአውራ ጣት ጫን ይበሉት። ከተፈረፈረ ደርሷል። እንደ ሊጥ ተጣብቆ የጣት አሻራ ከያዘ ሦስት አራት ቀን ቆይተው ይድገሙት። ሸክላማ አፈር ከአሸዋማው ብዙ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ ግን ውሃው ስለሚወርድለት ቀድሞ ይደርቃል፤ የሚቸኩል ሰው እዚያ ይጀምር።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። በስንት ዲግሪ ምን ይዘራል?

መልስ፦ ጠዋት ላይ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ይለኩ። ከሰዓት በኋላ የሚለካው ቁጥር ያታልላል። አተርና ስፒናች 5 ዲግሪ ላይ ይጀምራሉ። የሐበሻ ጎመንና ድንች ከ7 እስከ 10 ይበቃቸዋል። ፎሶሊያና የቲማቲም ችግኝ 15፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ 18 ይፈልጋሉ። አየሩ 22 ሆኖ አፈሩ 8 ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ያለው አፈሩ ውስጥ ነውና አፈሩን ይመኑ።

ለጎመን አንድ ነገር ልጨምር። በጸደይ ሙቀት የምትነቃ፣ እንደ ቁንጫ የምትዘል ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ ለጋውን ቅጠል ወንፊት ታስመስለዋለች። ስስ የመሸፈኛ ጨርቅ በዘሩበት ዕለት ይዘርጉ፣ ጠርዙንም በአፈር ይቅበሩ። ቅጠሉ ከተበሳ በኋላ መሸፈን ጥንዚዛዋን ከጎመኑ ጋር መዝጋት ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ውርጭ መቼ ነው?

መልስ፦ በከተማው መሃል ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ። ከከተማ ወጣ ባለው መሬት እስከ ሜይ አጋማሽ ይጠብቁ፤ እርሻዎ ጉድጓዳማ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን ይጨምሩ፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ሰማዩ የጠራና ነፋስ የሌለበት ሌሊት አደገኛው ነው። መሸፈኛ ጨርቅ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያተርፋል። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በሽቦ ቅስት ላይ ይወጠር፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይግለጡት።

ጥያቄ፦ የቃሪያ ችግኜ ሁለት ቅጠል አውጥቶ ግርጌው ቀጠነና ወደቀ። ከሁለት ሳህን አንዱ አለቀ። ምን በድዬ ነው?

መልስ፦ ይህ በእርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የሚራባ የፈንገስ ዓይነት በሽታ ነው። የወደቀው አይመለስም፤ ከነአፈሩ አውጥተው ይጣሉ፣ የቀረው ሳህን ከዚያ ይራቅ። የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ካምናው የተረፈ አፈር፣ ከላይ በየቀኑ የሚፈስ ውሃ፣ የማይንቀሳቀስ አየር።

እንደገና ሲጀምሩ ሳህኖቹን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ አጥበው ያድርቁ። ለዘር የተዘጋጀ አዲስ ድብልቅ ይሙሉ እንጂ የጓሮ አፈር አይጠቀሙ። ዘሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይቀበር። ቃሪያ ለመብቀል ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ ከሥር የሚያሞቅ ምንጣፍ ካለ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቅላል፣ በ18 ዲግሪ ክፍል ግን ሦስት ሳምንት ይፈጃል ወይም ይበሰብሳል። ውሃ ከሥር ባለው ትሪ ያጠጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ትንሽ ፋን በዝቅተኛ ፍጥነት ይክፈቱ። መብራቱ ከቅጠሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ። በመስኮት ብርሃን ብቻ ያደገ ችግኝ መቃ ይመስላል።

ጊዜው ግን ሄዷል። ቃሪያ ወደ ውጭ ከመውጣቱ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በፊት ይዘራል፣ ቲማቲም ከ6 እስከ 8። አሁን ኤፕሪል ከተጋመሰ ቃሪያውን በችግኝ ገዝተው፣ ጉልበትዎን ለቲማቲሙ ቢያውሉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ችግኙን ወደ ውጭ ማላመድ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ በማይደርስበት ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ሰዓትና ፀሐይ ይጨመራል። ቅጠሉ ነጭ ነጭ ካለ ፀሐይ መትቶታል፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሱ። ቃሪያ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ሌሊት ውጭ አይደር።

ጥያቄ፦ ጤና አዳሜ በረዶ ሥር ከረመ። ልንቀለው?

መልስ፦ የእኛ ጤና አዳም የዚህን አገር ክረምት ውጭ ሆኖ ብዙም አይችለውም። ቢሆንም ግንዱን በጥፍር ፋቅ ያድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። እስከ ሜይ መጨረሻ ይታገሱት። ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ከመታው ውሃ ያስቋጥራል። ለከርሞ በማሰሮ ተክለው ከበረዶ በፊት ያስገቡት። በሶብላ ደግሞ ብርድ ጨርሶ አይችልም፤ ጁን ሳይገባ አያውጡት።

ጥያቄ፦ በኦክቶበር የተከልኩት ነጭ ሽንኩርት ከገለባው ሥር ቢጫ ሆኖ ወጥቷል።

መልስ፦ ብርሃን አጥቶ ነው፣ አልታመመም። ገለባውን በከፊል ያንሱለት፣ በጥቂት ቀን ይለመልማል። ቀላል ውርጭ አይጎዳውም። በረዶው ወደ ላይ የገፋው ፍንካች ካለ በእጅ ይመልሱት። ቅጠሉ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የፈረስ ፍግ በነጻ ሰጠኝ። አሁን ልበትነው?

መልስ፦ ከመበተንዎ በፊት ሁለት ነገር። ጥሬ ፍግ ከሆነ የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ አፈር ለሚነካ ሰብል ከመታጨዱ 120 ቀን በፊት፣ ለሌላው 90 ቀን በፊት መግባት አለበት ይላል። በዚህ አጭር ወቅት ጥሬ ፍግ ከበረዶ በፊት ላለው መጸው እንጂ ለጸደይ አይሆንም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ፈረሱ የበላው ድርቆሽ አሚኖፒራሊድ በሚባለው የአረም መድኃኒት የተረጨ ከሆነ መድኃኒቱ በሆዱ አልፎ በፍጉም ውስጥ ይቆያል፤ ቲማቲምና ፎሶሊያን ያጨማድዳል። ድርቆሹ ምን እንደተረጨ ይጠይቁ። ከዚያ ፍጉን ለማሰሮ ተክል ከሚሸጥ አፈር ጋር እኩል ቀላቅለው ፎሶሊያ ይዝሩበት፣ ፍግ በሌለው ሌላ ማሰሮ ደግሞ ለማነጻጸሪያ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠል ከተጠቀለለ መሬትዎን አያስነኩት።

ጥያቄ፦ የፖም ዛፌ ልጥ በረዶ ሥር ተበልቷል።

መልስ፦ የመስክ አይጥ ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይሞታል፤ የሚያድነው ከራሱ ቅርንጫፍ ተቆርጦ እንደ ድልድይ ቁስሉን ከታች ወደ ላይ እንዲያሻግር የሚዳቀል እንጨት ብቻ ነው፣ ይህም የለመደ እጅ ይፈልጋል። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ይተዉት፣ ቀለም አይቀቡት። በመጸው፣ በረዶ ሳይጥል፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ከሚጠበቀው በረዶ በላይ እስኪያልፍ ይጠቅልሉለት። ፖም እምቡጡ ሳይፈነዳ ይገረዛል። ኦክ የሚባለውን ዛፍ ግን ከኤፕሪል እስከ ጁላይ አይግረዙ፤ ትኩስ ቁስሉ የኦክ ማድረቂያ በሽታ የሚያዛምቱ ጥንዚዛዎችን ይጠራል።

ጥያቄ፦ የውጭው ቧንቧ ቀዝቅዞ ነበር። እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ከፍተው አፉን በአውራ ጣት ይድፈኑ። ውሃውን በጣትዎ ማቆም ከቻሉ ግድግዳው ውስጥ ቧንቧው ተሰንጥቆ ይሆናል። ወዲያው ዘግተው ያስጠግኑ፤ ውሃው ወደ ቤት ነው የሚፈሰው።

ጥያቄ፦ የዶሮዎቹ ግቢ ጭቃ ነው። ገለባ ልጨምር?

መልስ፦ ገለባ ይጠቀጠቅና ይሸታል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍልጥላጭ ያንጥፉ። አዲስ ጫጩት የሚያስገቡም ካሉ በመጀመሪያው ሳምንት መብራቱ ሥር 35 ዲግሪ ይሁን፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ይቀንሱ። መብራቱ ሥር ተፋፍገው ከተጫጩ በርዷቸዋል፣ ወደ ጥግ ሸሽተው አፍ ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ጥያቄ፦ የአጥሩ ቋሚዎች ወደ ላይ ተነሥተዋል። በመዶሻ ልመልሳቸው?

መልስ፦ በመዶሻ የተመለሰ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይነሣል። በግንባታ ደንቡ የውርጭ ጥልቀት በሚኒሶታ ደቡብ 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው፤ ጉድጓዱ ከዚያ በታች ይውረድ፣ ወደ ታችም አይጥበብ። ቁፋሮውን መሬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪፈታ፣ ሜይ እስኪገባ ያቆዩት።