ሳሉንም አትቁረጡት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚደውሉልኝ ወጣቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ዜማ የማን ነው?» ግማሾቹ በስልክ ሲሰዳደቡ አምሽተው ዳኛ የሚፈልጉ ናቸው። እኔ ለ31 ዓመት ድምፅ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ያሠለጠንኩት ማይክሮፎን የት ቢቆም እንደሚሻል ለመለየት እንጂ ለመፍረድ አይደለም። ቢሆንም ስለ አይሁድ ሙዚቃ ጥቂት ላጫውታችሁ፤ «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ይህን ሙዚቃ ያስቸገረውን ያህል ሌላውን ማስቸገሩን እንጃ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሌዋውያን በበገና፣ በመሰንቆና በጽናጽል ያገለግሉ ነበር። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱት ያ ሁሉ ዝም አለ። በሐዘን ምክንያት መሣሪያ ከጸሎት ቤት ወጣ፤ የቀረው የሰው ጉሮሮና ቀንደ መለከቱ ነው። ጉሮሮ ደግሞ የኖረበትን አገር ይመስላል። የመን የኖረው እንደ የመን፣ ፖላንድ የኖረው እንደ ፖላንድ ዜማውን ያዘ። ኦሪት የሚነበብባቸው የዜማ ምልክቶች በጥብርያዶስ ከተማ እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተሟልተው ተጽፈዋል፤ ሁሉም የሚያየው ያንኑ ምልክት ነው፤ የባግዳዱና የፖላንዱ ሰው ግን አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ዜማ ለየብቻው ነው። እኔ ይህ ሲገባኝ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር።

አብርሃም ጽቪ ኢደልሶን ቀድሞ ገብቶታል። ላትቪያ ተወልዶ በ1907 ኢየሩሳሌም ሲደርስ የየመን፣ የቡኻራ፣ የባግዳድና የሞሮኮ አይሁዶችን አንድ ከተማ ውስጥ አገኛቸው። በሰም ሲሊንደር የሚቀርጽ ፎኖግራፍ ይዞ በየሰፈሩ ዞረ፤ ሥራውንም ከ1914 እስከ 1932 በ10 ቅጽ አሳተመ። በየሠርጉ የሚጨፈርበትን «ሃቫ ናጊላ»ንም ለሕዝብ ያደረሰው እሱ ነው። ዜማው የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር፣ ሳዲጉራ በተባለች ከተማ፣ ሐሲዲም የሚባሉት መንፈሳውያን አይሁዶች ያለ ቃል ያዜሙት የነበረ ነው።

የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙርስ? ከዚያ በላይ «የእኛ» የሚባል ዜማ የለም። «ሐቲክቫ»ን በ1880ዎቹ ለዜማ ያበቃው ሳሙኤል ኮኸን የተባለ ሰፋሪ ነው፤ ዜማውም በሬ የሚጠምዱ የሞልዳቪያ ገበሬዎች ይዘፍኑት የነበረ ነው። የዚያው ዜማ ዘመድ ጣልያን አገር ከ1600ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ታዲያ ከማን ተሰረቀ እንበል?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የባግዳዱ ነው። በ1932 ካይሮ ላይ የዓረብ ሙዚቃ ታላቅ ጉባኤ ሲደረግ ኢራቅ የላከችው ቡድን ዘፋኙ ሙስሊሙ መሐመድ አል ቁባንጂ ነበር፤ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አይሁዶች ናቸው። ሳሌህና ዳውድ አል ኩወይቲ የሚባሉት ወንድማማቾች የሠሯቸው ዘፈኖች ባግዳድ ዛሬም ይዘፈናሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከብዙ ሺህ የኢራቅ አይሁዶች ጋር ወደ እስራኤል ሲመጡ ግን ከሁለቱም ወገን ከሰሩ። የኢራቅ ሬዲዮ ዘፈኑን እያሰማ ስማቸውን መጥራት ተወ፤ እስራኤል ደግሞ «የዓረብ ሙዚቃ ነው» ብላ ከዳር አስቀመጠቻቸው። ቴል አቪቭ ውስጥ ሐቲክቫ በሚባለው ሰፈር የቤት ዕቃ ሲሸጡ ኖሩ። ጎንደር ሳለን «ፈላሻ»፣ እዚህ እስራኤል ስንደርስ «ኢትዮጵያዊ» የተባልን ሰዎች ይህ ታሪክ አይጠፋንም።

ስለ ክሌዝመር፣ ማለት ስለ ምሥራቅ አውሮፓ የሠርግ ሙዚቀኞች፣ ብዙ ስለተወራ አልደግመውም። አንድ ሰው ብቻ ልጥራ፦ ሞይሴይ በረጎቭስኪ። ኪየቭ ተቀምጦ ያንን ሙዚቃ በሰም ላይ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በ1950 የሶቪየት መንግሥት አሰረው፤ በ1955 ተፈታ፤ በ1961 ሞተ። ሲሊንደሮቹ ጠፉ ሲባል ቆይቶ በ1990ዎቹ ኪየቭ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኙ። ዜማውን የሰጡት ሰዎች አብዛኞቹ በናዚ ጊዜ አልቀዋል። ሰም ይቀልጣል፣ ይሰበራል፤ ያንን ሁሉ ያለፈው ግን ሰሙ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የተወለድኩት ከጎንደር ራቅ ባለ የቤተ እስራኤል መንደር ነው። የጸሎት ቤታችንን መስጊድ እንለዋለን። ቄሶቻችን በግእዝ ያዜማሉ፤ ነጋሪትና ቃጭል አለን። የክርስቲያኖቹ ደብተራ ከቃሉ በላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት አለው፤ እኛ ግን የለንም፤ ሁሉም ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚተላለፈው። ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1973 አምቦበር ወደምትባለው የቤተ እስራኤል መንደር መጥታ ጸሎቱን ቀረጸች። ከዓመታት በኋላ ባሳተመችው መጽሐፍ የቤተ እስራኤል ሥርዓት ከኢትዮጵያ ክርስቲያን መነኮሳት ሥርዓት ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው ጻፈች። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሱዳንን በእግሬ አቋርጬ፣ ሰው ቀብሬ መጥቼ፣ «ጸሎትህ የጎረቤትህ ነው» የምትለኝ መሰለኝ።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን ሙያዬ አሸነፈኝና ሁለቱን ዜማ ጎን ለጎን አዳመጥኩ። ዝምድናው አለ፤ ጆሮ ያለው ሰው አይክደውም። የራሳችን አባቶችስ ምንኩስናችንንና ከጸሎታችን ብዙውን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስትና ወደ እኛ ከመጡት መነኩሴ ከአባ ሳብራ ጋር ያያይዙት የለም? ድሩ አንድ ቢሆን ጥለቱ ሌላ ነው። የእኛ ቄሶች ሲያዜሙ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የሚቀበሉት ግን መሪው እስኪጨርስ ጠብቀው አይደለም፤ ጫፉን ይረግጡታል። ያ መረጋገጥ የሕፃንነቴ ድምፅ ነው። ዝምድና ተገኘ ተብሎ ከእኔ የሚወስደው አልመጣም።

ስለዚህ ክርክሩን ትታችሁ ስልካችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። አያቶቻችሁን ቅረጹ። ጎንደርም ሁኑ ነታንያ፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ ሥራው ያው ነው። መቅረጽ ስትጀምሩ የሰውየውን ስም፣ የትውልድ መንደሩንና ቀኑን በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ፤ ፋይሉ ላይ የተጻፈ ስም ይጠፋል፣ ድምፅ ውስጥ ያለው አይጠፋም። ነጋሪት ወይም ከበሮ ካለ ስልኩን ከሰዎቹ አስጠግታችሁ ከከበሮው አርቁት። ስግድ ለሚባለው በዓላችን ኢየሩሳሌም ስትመጡ ድምፅ ማጉያው ሥር አትቁሙ፤ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ቁሙ፣ ተቀባዮቹ እዚያ ናቸው። በሰንበትና ባልተፈቀደበት ቦታ አትቅረጹ፤ ከሰውየው ጋር ከተቀያየማችሁ ዜማውም አብሮ ይሄዳል። ዜማው ሲያልቅም ቶሎ አታጥፉት። «ከማን ተማሩት?» በሉ፤ ከዚያ ዝም በሉ። የተማረ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

ይህን የምመክራችሁ አጥፍቼ ስላየሁት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ሥራ እንደጀመርኩ፣ መርካዝ ክሊታ በምንለው የመጤዎች መቀበያ ውስጥ ሁለት አዛውንት ቄሶችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቀረጽኩ። አንዱ ከወገራ፣ ሌላው ከቋራ ናቸው። ያስላሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ፤ መሐል ላይ አንዲት ስንኝ እንዴት እንደምትነሣ ተከራከሩ፤ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አዜሙት። እኔ ንጹሕ ሥራ አቀርባለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ የቴፑን ክር በምላጭ እየቆረጥኩ በፕላስተር አጣበቅሁ። 20 ደቂቃ የጠራ ዜማ ቀረ። የተረፈውን ክር ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ሁሉም አመሰገነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የቋራ ልጅ፣ እዚህ ተወልዶ አማርኛው የሚኮላተፍ፣ ጸሎቱን መማር እፈልጋለሁ ብሎ ቤቴ መጣ። ያንን ክር አሰማሁት። ሁለቱ ቄሶች አሁን የሉም። ልጁ አንዲት ቦታ ላይ አስቆመኝና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይናገራል» አለኝ። መልሰን ሰማነው። እውነቱን ነው፤ ምላጬ የሳተው ትንሽ ጫፍ ቀርቶ ኖሯል። ሁለተኛው ቄስ ይስላሉ፤ ከዚያ «የለም፣ በእኛ አገርማ እንዲህ ነው» ይላሉ፤ ለማዜም ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል፤ ከትንፋሹ በኋላ የመጀመሪያው ቄስ ዜማ ይቀጥላል።